አባቴን አንድ ኢንች አታድርግብኝ

ቲማሩ፣ ኒውዚላንድ
ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1974

ለአጎቴ ልጅ፣ ለወንድም ጋሼ ሲሪል ዳውስ
የወፍጮ መንገድ ቁጥር 14፣ ላውዝ፣ እንግሊዝ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህ እንዴት ነው? ያ ጉልበትህስ? የሚስትህን የነሊን ነፍስ ይማርልን። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ፤ ልቤም ዘንድሮ አደብ ገዝቷል። ሐኪሙ «ኦሊቭ፣ ከእንግዲህ የፈለግሽበት ሀገር መሄድ ትችያለሽ» ብሎኛልና ደስ ይበልህ።

ዛሬ የምጽፍልህ ለአንድ ጉዳይ ነው። ባለፈው ሳምንት የመጋረጃ ጨርቅ ልገዛ ወጥቼ፣ የመጫወቻ ዕቃ መሸጫው መስኮት ላይ የሚገጣጠም ሞዴል ያለበት አንድ ሣጥን አየሁ። ሣጥኑ ላይ የተሳለው የአባቴ አውሮፕላን ነው! ያው ድርብ ክንፉ፣ አር ኢ ስምንት የሚባለው። እግሬ ራሱ ይዞኝ ገባ። ሻጩ «በየትኛው ልኬት ይፈልጋሉ? ያለን ሰባ ሁለተኛ ነው» አለኝ። «ሰባ አንዱ የት ሄደ?» ብዬ ብጠይቀው ሱቅ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። አብሬ ሳቅሁ፤ ግን ሳልገዛ ወጣሁ። ይህን የሞዴል ሥራ ከዘር ማንዘራችን የሚያውቅ አንተ ብቻ ነህ።

እባክህ የአባቴን አውሮፕላን ሥራልኝ። ወደዚህ ግን አትላከው። አባቴ በተወለደበት ክፍል፣ በምሥራቁ መስኮት ላይ አስቀምጠው። በየገናው ስለዚያ ክፍል የምትጽፍልኝን ደግሜ ደጋግሜ ነው የማነበው። አንተ የስምንት ዓመት ልጅ ሆነህም ቢሆን አባቴን አይተኸዋል። እኔ ገና በእናቴ ሆድ እያለሁ ነው አውሮፕላኑ ፈረንሳይ ላይ የወደቀው።

በሚመጣው ዓመት በኤፕሪል እመጣለሁ። እዚያ ክፍል ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ከአባቴ ጋር ትንሽ መቀመጥ ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈልግም። ሻይ እንኳ ባታፈላልኝ አልቀየምህም።

በል፣ ስንት ስንተኛ እንደሚሆን ንገረኝ።

እህትህ ኦሊቭ


(ተጀምሮ ያልተላከ)
ማርች 14 ቀን 1974

ኦሊቭ፣

ቤቱ የለም። ቤቱስ አለ፤ የእኔ አይደለም እንጂ። ነሊ ከሞተች በኋላ የሚያፈሰው ጣሪያ፣ ደረጃው፣ ከሰል መሸከሙ፣ ይሄ የተረገመ ጉልበት፤ አልቻልኩም። ከሁለት ዓመት በፊት ሸጥኩት። አያታችን የሠራውን ቤት፣ አባትሽ የተወለደበትን ቤት፣ «ከዳውስ እጅ አይወጣም» ብዬ አባቴ ፊት የማልኩበትን ቤት ሸጥኩት። ላንቺ አንድ ቃል አልነገርኩሽም። አሁን የምኖረው በአረጋውያን መኖሪያ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት ገና ሙሉ «ክፍሉ እንደነበረ ነው» ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ደብዳቤዎችሽን ቤቱን የገዛችው ወይዘሮ ፕራት ከጠረጴዛ ሰዓቷ ጀርባ ታስቀምጥልኛለች፤ ሐሙስ ሐሙስ በጓሮ በር እየሄድኩ እንደ ለማኝ እቀበላታለሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ


የወፍጮ መንገድ ቁጥር 14፣ ላውዝ
ማርች 14 ቀን 1974

ለተወደድሽው እህቴ ለኦሊቭ፣

ሰላምታዬ ያን ሁሉ ባሕር አቋርጦ በደህና ይድረስሽ። ስለ ልብሽ የሰማሁት አስደስቶኛል። እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው።

ልኬትን በተመለከተ፣ የጠየቅሽው ትክክለኛውን ሰው ነው። ሰባ ሁለተኛ ማለት እውነተኛው አውሮፕላን ሞዴሉን ሰባ ሁለት ጊዜ ያህላል ማለት ነው። ለምን ሰባ ሁለት ሆነ ብትዪ፣ ስድስት ጫማ የሆነ ሰው ቁመቱ ሰባ ሁለት ኢንች ነውና በዚህ ልኬት ልክ አንድ ኢንች ይወጣዋል። አባትሽ፣ አጎቴ ኤድጋር፣ ደግሞ ስድስት ጫማ ሙሉ ነበር። በበሩ ሲገባ ጎንበስ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ ከፍ የሚለው አርባ ስምንተኛ ነው፤ የአሜሪካኖች ነገር። ሠላሳ ሁለተኛ የሚባልም አለ፤ እሱ የቤት ዕቃ እንጂ አውሮፕላን አይባልም። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሥራ ስድስት ኢንች ይሆናል፤ በሰባ ሁለተኛ ግን ሰባት ኢንች ብቻ ነው። ደግሞም እኛ የዚህ ሥራ ሰዎች አንድ ሕግ አለን፤ አንድ መደርደሪያ ላይ ልኬት አይደባለቅም። አንዱን ካተለቅሽው ጎረቤቶቹ ሁሉ ድንክ ይሆናሉ። የእኔ አርባ አውሮፕላኖች በሙሉ ሰባ ሁለተኛ ናቸው፤ ምድር ቤት በመስታወቱ ቁምሳጥን ውስጥ በሥርዓት ተሰልፈዋል።

ስለዚህ ሰባ ሁለተኛ ይሁን። ትንሽ፣ ጨዋ፣ የትም የሚቀመጥ ነው።

ወንድምሽ ሲሪል


ቲማሩ
ኤፕሪል 2 ቀን 1974

ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ተናድጃለሁ እንጂ። በመጀመሪያ፣ የፌብሩዋሪ ደብዳቤዬን የመለስከው በማርች አጋማሽ ነው። ፖስተኛችሁ በኤሊ ነው የሚሄደው?

ሁለተኛ፣ ደብዳቤህን አንብቤ ስጨርስ ማስመሪያ አመጣሁ። አንድ ኢንች አየሁ። ከአውራ ጣቴ ጥፍር እምብዛም አይበልጥም። ሲሪል፣ አባቴን አንድ ኢንች አታድርግብኝ! ዕድሜ ልኬን ትንሽ ትንሹን ነው ያገኘሁት። አንዲት ፎቶ፣ አንዲት ቁራጭ ቴሌግራም፣ እናቴ ደስ ካላት የምትናገራት ሁለት ሦስት ቃል። አሁን እንኳ እስቲ ይተልቅልኝ!

ሠላሳ ሁለተኛ አድርገው። የቤት ዕቃ ይሁን። ያን የሚያህል ቤት ታቅፈህ ተቀምጠህ ቦታ ትቆጥብብኛለህ? ታዘብኩህ፣ ገብጋባ! ከአርባዎቹ ጋር አይሰለፍም ካልክ አታሰልፈው፤ እሱ እንደሆነ ፎቅ ላይ ብቻውን ነው የሚቀመጠው። የመስኮቱን ጠርዝ ለክተህ ላክልኝና ይበቃው እንደሆነ አብረን እንይ።

ብትናደድብኝም እህትህ ነኝ፤ ፈጣሪ ጉልበትህን ያጽናልህ።

ኦሊቭ


(ተጽፎ ያልተላከ)
ሜይ 9 ቀን 1974

ኦሊቭ፣

ዛሬ መስኮቱን ልለካ ሄድኩ። በልቤ ገምቼ ብጽፍልሽ ማን ያውቅብኛል? ግን ልኬት በግምት መናገር አልችልበትም፤ ዋሽቼሽም ቁጥሩን መዋሸት አቃተኝ።

«ምነው ዛሬ በፊት ለፊት በር? ደህና ነዎት?» አለችኝ ወይዘሮ ፕራት።

«አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነበር። ፎቅ ያለውን የምሥራቁን መስኮት ጠርዝ መለካት ፈልጌ።»

«መለካት? ቤቱን መልሰው ሊገዙን ነው እንዴ?» ብላ ከት ከት ብላ ሳቀች። ባሏን ተጣራች። «ሌን! ና ጉድ እይ፣ አቶ ዳውስ መስኮታችንን ሊለኩ መጥተዋል!»

«መጋረጃ ሊሰፉልን ከሆነ ቀይ እንወዳለን በያቸው» አለ ሌን ከወጥ ቤት።

ክፉ ሰዎች አይደሉም። ክንዴን ደግፋ ደረጃውን አወጣችኝ። በገዛ ደረጃዬ እንግዳ ሆኜ ወጣሁ። አባትሽ የተወለደበት ክፍል ውስጥ የልብስ መተኮሻና የስፌት መኪና አለ። መስኮቱ ጠርዝ ላይ በየጣሳው የቲማቲም ችግኝ ደርድረዋል። እያነሳችልኝ ሜትሬን ዘረጋሁ።

«ለማን ነው ግን ይሄ ሁሉ?» አለችኝ።

«ለእህቴ ነው። ኒውዚላንድ ላለችው።»

«ውይ! እስካሁን አልነገሯትም?»

ሜትሩን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ሻይ ቀድታ ብትጠብቀኝም ሳልጠጣ ወጣሁ። መንገድ ላይ የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ አንገቴን ደፍቼ ነው የሄድኩት፤ የተወለድኩበት መንገድ ላይ!


የወፍጮ መንገድ ቁጥር 14፣ ላውዝ
ሜይ 9 ቀን 1974

እህቴ ኦሊቭ፣

በጤና ያቆይሽ። ባዘዝሽኝ መሠረት መስኮቱን ለክቻለሁ። የጠርዙ ርዝመት ሦስት ጫማ ከሁለት ኢንች፣ ስፋቱ ዘጠኝ ኢንች ተኩል ነው። አውሮፕላኑ በሠላሳ ሁለተኛ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ከአሥር ኢንች ያልፋል። ስለዚህ አይበቃውም፤ ጭራው ይንጠለጠላል። እንዳልኩት ሰባ ሁለተኛ ይሻላል።

ወንድምሽ ሲሪል


ቲማሩ
ኦገስት 20 ቀን 1974

ወንድም ጋሼ፣

ሰላም ነህ? ለሳምንታት ብሮንካይት የሚሉት የደረት ሕመም ይዞኝ ተኝቼ ነበር፤ አሁን ተሽሎኛል።

ጭራው ይንጠልጠል! አውሮፕላን አይደለም እንዴ? አየር ላይ መሆን ልማዱ ነው። ሠላሳ ሁለተኛ ብያለሁ፣ አበቃ።

አሁን ደስ የሚል ነገር ልንገርህ። የጎረቤቴ ልጅ ግሌኒስ ለንደን ሆስፒታል ሥራ ይዛ በአውሮፕላን ሄዳለች። የአባቴን ፎቶ፣ ከአውሮፕላኑ ጎማ አጠገብ ቆሞ የተነሳውን፣ እንድታደርስልህ ሰጥቻታለሁ። ለሥራህ ይጠቅምሃል። «በፖስታ ላኪለት» ብያታለሁ፤ እሷ ግን እግሯ አያርፍም፣ ራሷ ብቅ ትል ይሆናል። ከመጣች ያን ክፍል አሳያት። በእኔ ዓይን ትይልኝ።

ኦሊቭ


(ተጽፎ ያልተላከ)
ሴፕቴምበር 5 ቀን 1974

ኦሊቭ፣

ደብዳቤሽንና መርዶዬን በአንድ ቀን ተቀበልኩ። ዛሬ ሐሙስ ነው። ወይዘሮ ፕራት ፖስታውን ስትሰጠኝ ፊቷ ልክ አልነበረም።

«አቶ ዳውስ፣ ትናንት አንዲት ልጅ መጥታ ነበር። ከእህትዎ አገር ነኝ አለች። አቶ ሲሪል አሉ ወይ ስትለኝ፣ ቤቱን ከሸጡልን ሁለት ዓመት ሆናቸው አልኳት። አልዋሽ ነገር!»

«ምን አለች?»

«ክፍሉን ማየት እችላለሁ ወይ አለችኝ፤ አሳየኋት። ቲማቲሞቹን እያየች ቆመች። ያሉበትን ቦታ ነገርኳት። እርስዎ ጋ አልመጣችም?»

አልመጣችም። ፎቶውን ትታልኝ ሄዳለች። በሬን ያላንኳኳችው እንዳላፍር አስባልኝ ነው። ምን አለ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! የጎረቤትሽ ልጅ አዘነችልኝ፣ ኦሊቭ። ይሄኔ ጽፋልሻለች። የሚመጣው ደብዳቤሽ የስድብ ነው፤ እጠብቀዋለሁ። የምትዪኝ ሁሉ ይገባኛል።


ቲማሩ
ኦክቶበር 14 ቀን 1974

ለወንድም ጋሼ ሲሪል ዳውስ
የወፍጮ መንገድ ቁጥር 14፣ ላውዝ

ሰላም ላንተ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ።

ስለ አውሮፕላኑ አስቤበት ነበር። አንተ ያልከው ልክ ነው፤ ሰባ ሁለተኛ ይበቃል። ትንሽ ነገር ደስ ይላል፤ አቧራም አይዝም። መስኮት ላይ ካልተቀመጠ ብዬም አላስቸግርህም። የተመቸህ ቦታ አድርገው፤ ካልሆነም በትንሽ ሣጥን ላክልኝ። ስለ ኤፕሪሉ ጉዞ ገና አልወሰንኩም፤ አንተን ማድከም አልፈልግም።

የብርዱ ወራት እየመጣባችሁ ነው። ክፍልህ ይሞቃል? በእጄ የሠራሁት የሱፍ ካልሲ አብሮ ይደርስሃል።

እህትህ ኦሊቭ


ክፍል 6፣ የአረጋውያን መኖሪያ
የጋዝ ፋብሪካ መንገድ፣ ላውዝ
ዲሴምበር 12 ቀን 1974

ኦሊቭ፣

ከላይ የጻፍኩት አድራሻ የእኔ ነው። ግሌኒስ እንደነገረችሽ አውቃለሁ፤ ወይዘሮ ፕራት የዚያን ቀን የሆነውን አንድም ሳታስቀር አጫውታኛለች። ቤታችንን ሸጫለሁ። ሳልነግርሽ ሸጥኩ፣ ከዚያ በየገናው ዋሸሁሽ፣ ከዚያ እንዳይነቃብኝ ብዬ በአባትሽ ቁመት ተከራከርኩሽ። ትንሹ ይሻላል ያልኩሽ ሕግ ስለሆነ አይደለም። የማስቀምጥበት ቦታ ስለሌለኝ ነው።

ስድብሽን ስጠብቅ ካልሲ ላክሽልኝ። እስከ ዛሬ «ቤቱ ይሞቃል?» ነበር የምትዪው፤ ዘንድሮ «ክፍልህ ይሞቃል?» አልሽኝ። እሷን ቃል ሳነብ ደብዳቤውን ደረቴ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። አባቴን አንድ ኢንች አታድርግብኝ ብለሽ የጮህሽብኝ ሴት፣ እኔ እንዳላፍር ብለሽ አንድ ኢንች ይሁን አልሽ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ይህንንም እያፈርኩ ነው የምጽፈው። ግን የእስከ ዛሬዎቹን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀርቻለሁ፤ ይሄኛው ይላካል።

አውሮፕላኑ አልቋል። ሠላሳ ሁለተኛ ነው። በዚህ ልኬት ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የለም፤ ባልሳ ከሚባል ቀላል እንጨትና ከካርቶን ቆርጬ ነው የሠራሁት። በክንፎቹ መሐል ያሉትን ሽቦዎች ከነሊ ናይሎን ካልሲ በመዘዝኩት ክር ወጠርኳቸው። እዚህ ያሉት ሽማግሌዎች «ሲሪል ከዚህ ሊያመልጥ አውሮፕላን ይሠራል፣ ለእኛም ቦታ ያዝልን» እያሉ ሲቀልዱብኝ ከረሙ። አርባዎቹ በጫማ ካርቶን ታሽገው አልጋዬ ሥር ናቸው። ቁምሳጥኑ ከቤቱ ጋር ሄዷል፤ ወይዘሮ ፕራት ሳህን ትደረድርበታለች።

ሌላም አለ፤ ይሄኛውን የዋሸሁሽ ሳላውቅ ነው። አባትሽ ስድስት ጫማ ነበር ብዬሽ ነበር። ፎቶው ላይ ከጎማው አጠገብ ነው የቆመው። እኛ ሰው ከዕቃ ጋር ሲነሳ አንዱን በሌላው መለካት ልማዳችን ነው፤ የጎማውን ልክ አውቃለሁና ለካሁት። ማመን አቅቶኝ ደግሜ ለካሁት። አምስት ጫማ ከአምስት ኢንች ነው፣ ኦሊቭ። አባትሽ አጭር ሰው ነበር። ሕፃን ስለነበርኩ ነው ግዙፍ የመሰለኝ፤ በበሩ ጎንበስ ያለውም እኔን ሊያስቀኝ ይሆናል። በልኩ ቀርጬ ጎማው አጠገብ አቁሜዋለሁ። ሁለት ኢንች ወጥቶታል።

ወይዘሮ ፕራት ዘንድ በፊት ለፊት በር ሄጄ ለመንኳት። «እህትዎ ትምጣ ብቻ፤ ቲማቲሜን አነሳለሁ፣ በሩን ዘግታ የፈለገችውን ያህል ትቀመጥ» ብላለች። አውሮፕላኑን ያን ቀን ተሸክሜ አመጣልሻለሁ።

እስከዚያው እኔ ጋ ነው። ክፍሌ አንድ መስኮት አላት፤ ጠርዝ የለውም፣ የሚያየውም ወደ ምዕራብ ነው። ጠረጴዛም ያለኝ አንድ ነው። አውሮፕላኑ ጠረጴዛውን ሞልቶታል፤ እኔ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምበላው። ትናንት ሾርባ ሱሪዬ ላይ ደፋሁ።

ከእንግዲህ አልጽፍልህም ብትዪ አልፈርድብሽም። ከጻፍሽልኝ ግን ፖስታው ላይ ክፍል 6 በዪበት።

ሲሪል


ቲማሩ
ዲሴምበር 27 ቀን 1974

ለአቶ ሲሪል ዳውስ
ክፍል 6፣ የአረጋውያን መኖሪያ
የጋዝ ፋብሪካ መንገድ፣ ላውዝ

ወንድም ጋሼ፣

በመጀመሪያ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ፣ ከዚያ ትኬቴን ቆረጥኩ። በኤፕሪል እመጣለሁ። በቤቱ ጉዳይ ገና የምንጣላው ጠብ አለን፤ በደብዳቤ አልጀምረውም፣ ፊት ለፊት ነው። የአባቴን ማጠር ለእናቴ መቃብር ሄጄ ነገርኳት፤ እሷም እንደ እኔ ድንክ ነበረች።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። አባቴን ከጠረጴዛው ላይ እንዳታነሳው። ስመጣ እኔም ጉልበቴ ላይ እበላለሁ።

ኦሊቭ